«ምንም አልሠራም፣ አጥባለሁ»

ልጇ ሥራ የተቀጠረችላት እናት ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ቡንሬ ግን ከሆስፒታሉ ወጥታ አውቶቡስ መጠበቂያው ጥግ ስትቆም ደስታው ጠፍቶባታል። ዝናቡ ከባሕሩ በኩል በነፋስ እየተገፋ አግድም ይመጣል፤ የመጠበቂያው ጣሪያ ራስን እንጂ እግርን አያድንም። ፎቅ ላይ ትታት የመጣችው ጓደኛዋ ኦክጁ ቀኝ እጇ በፋሻ ተጠቅልሎ ተኝታለች። በፋሻው ውስጥ ስንት ጣት እንደቀረ ሁለቱም ያውቃሉ። አንዳቸውም ግን አላነሡትም፤ ስለ ዝናቡ ብቻ ሲያወሩ ቆይተው ተለያዩ።

ኦክጁና ቡንሬ ዓሣ ተፈጭቶ፣ ተቦክቶ፣ በዘይት እየተጠበሰ ኦሙክ የሚባለው ምግብ በሚሆንበት ፋብሪካ አብረው ያረጁ ሴቶች ናቸው። ኦክጁ ከተጎዳች ወዲህ ቦታዋ ባዶ ነው። ከመኸሩ በዓል በኋላ በዚያ ባዶ ቦታ የምትገባው የቡንሬ ልጅ ሄዎን ናት። ቡንሬ ራሷ ለምና ነው ያስገባቻት። ዛሬ ያን ፋሻ ካየች በኋላ ግን የለመነችበትን አፍ ጠላችው። እናት ስትባል ክፉውን ቀድማ የምታይ ፍጡር ናት ይባላል፤ ቡንሬ ደግሞ ሌላው ከሚያየው በላይ ታያለች።

«ይጠጉ አክስቴ፣ ጃንጥላው ለሁለት ይበቃል» አለች አንዲት ልጅ ከጎኗ።

ቡንሬ ዞር ብላ ስታይ ልጅቷን ለየቻት፤ ብትችል ኖሮ ዝናቡን ተሻግራ ወደሚቀጥለው መጠበቂያ በሄደች ነበር። ልጅቷ ሶሪን ትባላለች። ዋና ከተማ ተምራ የመጣች፣ የፋብሪካው ባለቤት ለጥቂት ወራት ያስመጣት ናት። ሰሞኑን ፋብሪካው ውስጥ እየዞረች እያንዳንዱን ሰው «ከገቡ ጀምሮ እስኪወጡ ምን ይሠራሉ?» እያለች ትጽፋለች። ሴቶቹ ከኋላዋ «ጠያቂዋ» ይሏታል። ቡንሬንም ጠይቃት ነበር። ቡንሬ እጇን በሽርጧ እየጠረገች፣ ዐይኗን መሬት ላይ ጥላ፣ «እኔማ ምንም አልሠራም፣ አጥባለሁ። ሲቸግራቸው እረዳለሁ» ብላ ነበር የመለሰችላት። ኦክጁም፣ ሌሎቹም ሴቶች ከዚህ የተለየ አልተናገሩም።

ሶሪን እሷም ከኦክጁ ዘንድ መምጣቷ እንደሆነ ነገረቻት። አደጋው እንዴት እንደደረሰ ጠይቃት ኖሯል። ኦክጁ ከአልጋዋ ቀና ብላ አንገቷን እየሰበረች፣ ጥፋቱ የራሷ እንደሆነ፣ ችኩል በመሆኗ ሁሉን እንዳስቸገረች፣ ሥራው ምንም የሚከብድ ነገር እንደሌለው ተናግራ ይቅርታ ጠየቀቻት። «ጣታቸውን ያጡት እሳቸው፣ ይቅርታ ጠያቂዋም እሳቸው» አለች ሶሪን፤ ድምፅዋ ትንሽ ተንቀጠቀጠ።

ቡንሬ ይህን እንደ ትክክለኛ ነገር ሰማችው። ሌላ ምን ሊባል ኖሯል? ሆኖም የልጅቷ ድምፅ መንቀጥቀጡ ደፍራ እንድትጠይቅ አደረጋት።

«ልጄ፣ አትቀየሚኝና አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ማንን ልታባርሩ ነው?»

ሶሪን አልሳቀችም። ይህ ጥያቄ ከየት እንደመጣ ጠየቀቻት፤ ቡንሬም ነገረቻት። ልጅ ሳለች በዚሁ በቡሳን ከተማ የጫማ ፋብሪካ ውስጥ ሶል ትለጥፍ ነበር። አንድ ቀን ሸሚዙ የነጣ ሰውዬ ሰዓት ይዞ ከኋላዋ መጥቶ ቆመ። በጨዋ አንደበት እያመሰገነ እጇን ሲለካ ዋለ። በማግስቱ ጫማዎቹ የሚመጡበት ቀበቶ ፈጠነ፤ ቆየት ብሎ ከተርታው ግማሾቹ ልጃገረዶች ተቀነሱ፤ በመጨረሻ ፋብሪካው ራሱ ተነቅሎ ጉልበት ወደሚረክስበት አገር ሄደ። ከዚያ ወዲህ ብዕር ይዞ ከኋላዋ የሚቆም ሰው ስታይ ጀርባዋን ይበርዳታል።

«ያ ሰውዬ የለካው የእርስዎን እጅ ፍጥነት ነው» አለች ሶሪን። «እኔ የምጠይቀው ስለ ሥራው ነው፣ ስለ ሠሪው አይደለም። ነገ በእርስዎ ቦታ ሌላ ሰው ቢቆም ምን ማወቅ አለበት? ምን ሊጎዳው ይችላል? እሱ ቢሳሳት ምን ይበላሻል? ይህ ከታወቀ አዲስ የሚመጣው ሰው ምን መማር እንዳለበት ይታወቃል። ደመወዙም ሥራው ከሚጠይቀው ጋር ይመዘናል።»

«ጥሩ ወሬ ነው። ያም ሰውዬ ጥሩ ወሬ ነበረው።»

ሶሪን፣ ባለቤቱ የተጻፈውን ለክፉ ሊጠቀምበት እንደሚችል፣ እንዲህ አይሆንም ብላ ልትምል እንደማትችል በግልጽ ነገረቻት። ለዚህ ስትልም የጻፈችውን ሁሉ በምሳ አዳራሽ በሠራተኛው ፊት ለማንበብ፣ ሠራተኛው ያላረመውንም ለባለቤቱ ላለመስጠት ተዋውላ ነው የመጣችው። ቡንሬን ያስገረማት ተስፋው ሳይሆን አለመማሏ ነው። ሰው ሊያታልል ሲፈልግ መጀመሪያ የሚያደርገው መማል እንደሆነ ከዕድሜዋ ተምራለች።

ቢሆንም ገና አልተረታችም። ደመወዝ የሚያምረው በዕድሜ ነው አለች። ቀድሞ የገባ ቀድሞ ይበላል፤ አገሩ ሁሉ እንዲህ ነው የኖረው፤ ትናንት የመጣ ወጣት ከሷ እኩል ቢከፈለው ሰው ምን ይላታል?

«ኃላፊ ማ የገቡት ከእርስዎ በፊት ነው?» ስትል ሶሪን ማ የሚባለውን የክፍላቸውን ኃላፊ አንሥታ ቀስ ብላ ጠየቀች።

«ኧረ በኋላ ነው! መጀመሪያ ሲመጣ የቦቲውን ግራና ቀኝ እንኳ አያውቅም ነበር።»

«ታዲያ ለምንድነው ከእርስዎ በብዙ የሚበልጥ የሚከፈላቸው?»

«እሱማ የማሽን ሰው ነው።»

«እርስዎስ?»

«አልኩሽ እኮ፣ እኔ አጥባለሁ።»

«ምኑን ነው የሚያጥቡት?»

«መፍጫውን ነዋ።»

«መፍጫው ማሽን አይደለም?»

ቡንሬን ሳትፈልግ ሳቅ አመለጣት፤ ወዲያው ሳቁ እንደ ኮሶ መረራት። ኃላፊ ማ ከውጭ ቆሞ ማስነሻውን ይጫናል፤ እሷ እጇን ውስጥ ትሰዳለች። እሱ የማሽን ሰው ተባለ፤ እሷ አጣቢ። ይህን ሁሉ ዓመት እንዲህ ጎን ለጎን አድርጋ አይታው አታውቅም።

ሶሪን ቀጠለች፤ አሁን እንደ ጠያቂ ሳይሆን እንደ ልጅ ነበር የምትናገረው።

«አክስቴ፣ እንግዳ ሲመጣብዎት ምን ብለው ነው የሚያቀርቡት? ዓሣው፣ ሾርባው፣ አትክልቱ ሞልቶ የገበታው እግር ሊሰበር ደርሶ፣ ‹የሚበላ ነገር የለም፣ ግን ብዙ ይብሉ› አይደል የሚሉት? እናቴም እንዲሁ ናት። እንግዳው ይሉኝታ መሆኑን ስለሚያውቅ ይበላል። ወረቀት ግን ይሉኝታ አያውቅም። ‹ምንም አልሠራም› ብለው ከነገሩት ‹ምንም› ብሎ ይጽፋል። ለ‹ምንም› ደግሞ ሥልጠና አይሰጥም፤ ለ‹ምንም› ማንም አይከፍልም።»

አውቶቡሱ መጣ። በሩ ተከፈተ፤ ሁለቱም ሳይገቡበት ሄደ።

ከዚያ ሶሪን፣ የምትናገረው በማን ልብ ላይ እንደሚወድቅ ሳታውቅ፣ በጣም የሚያስፈራት የኦክጁ ቦታ እንደሆነ ተናገረች። ሥራው «ማጠብና መርዳት» ተብሎ ነው የተመዘገበው። ከበዓሉ በኋላ አንዲት ወጣት ትገባበታለች ተብሏል። ለማጠብ የሚሰጥ ትምህርት ስለሌለ ጠዋት ሽርጥና ጓንት ይሰጧታል፤ በዚያው ቀን መፍጫው ላይ ትቆማለች።

«ልጄ ናት» አለች ቡንሬ።

ሶሪን ጃንጥላውን ያዘነበለችው ሳይታወቃት ነበር፤ ዝናቡ በሁለቱም ትከሻ ላይ ወረደ። ይቅርታ ጠየቀች። ቡንሬ ግን አልሰማቻትም። ልጇን አብሬያት ስለምሆን እጠብቃታለሁ ብላ ነበር ያስገባቻት፤ የሄዎን ተራ ግን በሌላው ፈረቃ እንደዋለ ያወቀችው ትናንት ነው። ዐይኗ እያየ ያ ፋሻ ከኦክጁ እጅ ተፈትቶ በሌላ፣ ጥፍሩ ገና ሮዝ በሆነ እጅ ላይ ሲጠመጠም ታያት።

«የእርስዎ እጅ እንዴት ተረፈ?» አለቻት ሶሪን በመጨረሻ።

ቡንሬ ይህን ለማንም ነግራ አታውቅም። መፍጫው ሲቆም፣ እጇን ከመስደዷ በፊት፣ ከራሷ ላይ ሻሿን ፈትታ ማስነሻው ላይ ታንጠለጥላለች። ሻሽ የተንጠለጠለበትን ነገር ማንም አይጫንም። ሲያዩዋት ለማድረቅ ያሰጣችው ይመስላቸዋል። ከሷ በፊት የነበረች አንዲት ሴት ስትጎዳ አይታ ነው በልቧ ያወጣችው ዘዴ።

«ለኦክጁስ ነግረዋቸው ነበር?»

«እትዬ ኦክጁ በአንድ ዓመት ትበልጠኛለች» አለች ቡንሬ።

ሶሪንም የዚያው አገር ልጅ ናትና ሌላ ማብራሪያ አላስፈለጋትም። ታናሽ ታላቋን «እጅሽን እንዲህ አድርጊ» ብላ አታስተምርም። ብታደርገው ታላቅየዋ በሰው ፊት ትወርዳለች፤ ታናሽየዋም ባለጌ ትባላለች። ስንት ቤት በዚህ ክብር ተጠብቆ ኖሯል። ስንቱ ደግሞ በዚሁ ክብር ተጎድቶ ይሆን፣ እግዜር ይወቀው።

«እንግዲያው ማንም ማንንም አያስተምር» አለች ሶሪን። «ሥራው ራሱ ያስተምር። ሥራ ታላቅና ታናሽ የለውም። ‹እጅ ከመግባቱ በፊት ማስነሻው ይቆለፋል› ተብሎ በሥራው ላይ ከተጻፈ፣ ኦክጁን ያስተማሯቸው እርስዎ አይሆኑም፤ ሕጉ ነው። ማንም አልተዋረደም። ጣትም አልጠፋም።»

«ይህን ደግሞ እኔ ነኝ ተነሥቼ የምናገረው? በስተርጅናዬ ‹ሥራዬ ከባድ ነው› ብዬ ልጎርር?»

«ለራስ ሲሉት ጉራ ሊመስል ይችላል። ከኋላ ለሚመጣው ሰው ሲሉት ግን ማስጠንቀቂያ ነው።»

ሁለተኛው አውቶቡስ ሲመጣ አብረው ገቡ።

ቡንሬ ቤት እንደደረሰች ልጇን ሥራው ይቅርብሽ አለቻት። ሄዎን ሁለት ዓመት ዋና ከተማ ውስጥ መስኮት በሌለው ክፍል እየኖረች ሥራ ፈልጋ፣ ሳይሳካላት የተመለሰች ልጅ ናት። አልተቆጣችም፤ ጫማዋን በር ላይ እያስተካከለች፣ «እማዬ፣ ሌላ ምን አለኝ?» ብቻ አለቻት። ከቁጣ ይልቅ ይህ አነጋገር ነው እናትየውን ያቆሰላት። መሸሻ የሌለው ሰው የሚቆምበትን መሬት ማጽናት አለበት እንጂ ሌላ ምን ያደርጋል?

በዓሉ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ሠራተኛው ሁሉ ከምሳ በኋላ በአዳራሹ ቀረ። ባለቤቱ፣ ፊቱ ሁልጊዜ የደከመው ሽማግሌ፣ ከጥግ ተቀመጠ። ሶሪን የእያንዳንዱን ሥራ እያነበበች «የሚታረም አለ?» ትላለች፤ ሰው ዝም ይላል፤ ታልፋለች። «ማጠብና መርዳት» ላይ ደረሰች። የሚታረም መኖሩን ስትጠይቅ ቡንሬ ከተቀመጠችበት ተነሣች። ገበታውን ተደግፋ ቆመች።

«ምነው አክስቴ፣ ለማጠብም ዩኒቨርሲቲ ሊከፈት ነው እንዴ?» አለ ኃላፊ ማ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ቀልድ ይወዳል። ሴቶቹ አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው ሳቁ።

«ኃላፊ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለች ቡንሬ። «መፍጫውን ካቆምከው በኋላ፣ እንደገና እስክታስነሣው ድረስ፣ እኔ የት ነኝ?»

«እ... እዚያው ነሻ፣ እያጠብሽ።»

«የት?»

ማ ዙሪያውን አየ። ሳቁ ቆሟል።

«ውስጥ ነኝ» አለች ቡንሬ። «እስከ ክርኔ ድረስ ውስጥ ነኝ። እትዬ ኦክጁም ውስጥ ነበረች።»

ከዚያ በኋላ ያለችውን እሷ ራሷ በደንብ አታስታውሰውም፤ ሌሎቹ ናቸው የነገሯት። ስለቱ መብራቱ ከጠፋም በኋላ ጥቂት እንደሚዞር፣ የዓሣው ሊጥ ሲሞቅ ከመበላሸቱ በፊት በጣቶቿ ለይታ በረዶ እንደምታስጨምር፣ የቀረ አጥንት በመዳፏ እንደምትፈልግ ተናገረች። ይህ ሁሉ «ማጠብ» ሲባል ስለኖረ ለአዲስ ሰው የሚነግር እንደሌለ፣ እያንዳንዷ ሴት በራሷ ሥጋ እንደምትማረው ተናገረች። ስለ ሻሿ ግን በዚያ አዳራሽ አልተነፈሰችም፤ ያን ከሠራተኛው ሁሉ በፊት የምትነግራት ሴት አለቻት። ከዘይቱ ጋር የምትሠራው ሴት ተነሣች፤ ቀጥሎ በረዶ ቤት ያለችው። ለዓመታት ምንም አንሠራም ሲሉ የኖሩ ሴቶች ያን ቀን ሥራቸውን አውርተው ሊጨርሱት አልቻሉም። ሶሪን ስትጽፍ ብዕሯ አልደርስ ብሏት ቀስ በሉ ብላ ለመነች።

ኃላፊ ማ አንገቱን ደፋ። ኦክጁ የተጎዳች ቀን ማስነሻውን የተጫነው እሱ ነበር፤ ይህን ሁሉም ያውቃል፤ ማንም ግን ጮክ ብሎ ተናግሮት አያውቅም። «እኔ እኮ» አለ በመጨረሻ፣ «ሰው ውስጥ ይገባል ብሎ የጻፈልኝ የለም። ስረከብ ማስነሻና ማቆሚያውን ብቻ ነው ያሳዩኝ።» እውነቱን ነበር። ባለቤቱ ስለ ወጪው አጉረመረመ፤ ሶሪን የተበላሸውን ሊጥና የተቆረጡትን ጣቶች አስታወሰችው። ሽማግሌው ዐይኑን በመዳፉ አሸ፤ ከዚያ ይደረግ አለ።

ወራት አለፉ። ለክረምቱ ኪምቺ የሚባለው በበርበሬ የሚታሽ ጎመን በሚዘጋጅበት ሰሞን ቡንሬ ጓንቷንና ትልቅ ሳፋዋን ይዛ፣ ኮረብታው ላይ ወዳለው የኦክጁ ቤት ወጣች። ኦክጁ በአንድ እጅ ጎመን ማሸት ስለማትችል ቡንሬ ልትሠራላት ነው የሄደችው። ወለሉ ላይ ተቀምጣ በርበሬውን ከጎመኑ ቅጠል መካከል እየቀባች፣ ፋብሪካው እንዴት እንደሆነ አወራቻት።

አሁን መፍጫው ጓጉንቸር አለው፤ እጇን የምታስገባው ሴት ራሷ ቆልፋ መክፈቻውን አንገቷ ላይ ታደርጋለች። ሥራው «መፍጫ መክፈት፣ ማጠብና ሊጥ መመርመር» ይባላል። አዲስ የገባ ሰው በቆመ ማሽን ላይ ሳይማርና ተፈትኖ ሳያልፍ ስለቱ አጠገብ አይደርስም፤ ሄዎንም እንዲያ ተምራ ነው የጀመረችው። በየትኛው ሥራ ላይ ምን እንደሚያስፈልግ ስለታወቀ፣ ጠባሾቹም ስለ ቃጠሎ፣ የበረዶ ቤት ሠራተኞቹም ስለ ጀርባ አያያዝ ለየብቻ ይማራሉ፤ ሁሉን ሰብስቦ በአንድ ንግግር ማሰናበት ቀርቷል። የሚበላሸው ሊጥ ቀንሷል። ሴቶቹ በደመወዝ ከማሽን ሠራተኞች እርከን ገብተዋል። የማ ደመወዝ አልተነካም፤ የዕድሜ ጭማሪውም ቢያንስም አልቀረም። ሁሉም ግን ማር አይደለም። አዲሱ የደመወዝ ጭማሪ የሚሰጠው ተከፋፍሎ ነው፤ ባለቤቱም የበዓሉን የዘይትና የቱና ስጦታ አስቀርቷል።

«ስስታም» አለች ኦክጁ። «አንቺስ እንቅልፍ ይወስድሻል?»

«አይወስደኝም። የሄዎን ፈረቃ ሲሆን ስልኩ አጠገቤ ነው። ጓጉንቸርም ይሰበራል እላለሁ።» ቡንሬ ጎመኑን አገላበጠች። «ግን ድሮ የምፈራው ሁሉን ነበር። አሁን የምፈራውን ለይቼ አውቀዋለሁ።»

ኦክጁ ራሷን ነቀነቀች። የቡንሬ እጅ ሳፋው ውስጥ እንዳለ ቆመ። የመጣችው ለኪምቺው ብቻ አልነበረም።

«እትዬ፣ አውቅ ነበር» አለች ቀና ሳትል። «ሻሼን ማስነሻው ላይ አንጠለጥል ነበር፤ ማንም እንዳይጫነው። ያሰጣሁት ይመስላችሁ ነበር። ይህን ሁሉ ዓመት እያወቅሁ ያልነገርኩሽ ታላቄ ስለሆንሽ ነው።»

ውጭ የአትክልት ሻጩ መኪና በድምፅ ማጉያ እየጮኸ ቁልቁለቱን ወረደ። ኦክጁ እስኪርቅ ጠበቀች። ቀኝ እጇን ከጭኗ ላይ አንሥታ፣ የቀረውንና የሌለውን እያየች ቆየች።

«ብትነግሪኝ እኮርፍ ነበር» አለች። «‹ይቺ ትናንት የተወለደች› ብዬ ሳምንት አላናግርሽም ነበር። ሁለት ሳምንትም ይሆናል፤ ጠባዬን ታውቂዋለሽ።»

«አውቃለሁ።»

«ከዚያ በኋላ ግን ታርቀን፣ ዛሬ ጎመኔን ራሴ አሸው ነበር።»

ቡንሬ የሚቀጥለውን ጎመን አነሣች።